የዘጠኝ ዝሎቲ በለስ

ያድቪጋ ገዛችው በጥቅምት መጨረሻ፣
ከሱፐርማርኬት ጥግ፣ ሊጣል ሲል ከቆሻሻ፤
ቅጠል የለው፣ ስም የለው፣ እንጨት ነው አንድ ክንድ፣
ዘጠኝ ዝሎቲ ከፍላ አመጣችው በብርድ።
«በለስ ነው» አለችኝ በረንዳዋ ላይ ቆማ።
«ብትር ነው» አልኋት እኔ፣ ምንም ሳላቅማማ።

በእኔና በእሷ መሃል የቆርቆሮ ግርዶሽ አለ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዛገ፣ ያልተነቀለ።
እሷ ክሬን ነጂ ነበረች በግዳንስክ መርከብ መሥሪያ፣
ብረት እንደ እንቁላል የምታስቀምጥ ከማረፊያ፤
እኔ ዜኖን፣ ባቡር ላይ ትኬት ቆራጭ፣ ጡረተኛ፣
የሰው አበባ ሲፈካ እንቅልፍ የማይወስደኝ ምቀኛ።

ማሰሮ አልገዛችም፤ የቀለም ባልዲ አመጣች፣
ምስማር በእሳት አግላ ቂጡን ሰባት ቦታ በሳች፤
ከሥር ስባሪ ሸክላ፣ ከላይ አፈር ከአሸዋ ደባልቃ፣
«ውኃ ከተኛበት ይበሰብሳል» አለች፣ እንድሰማ አውቃ።

የባልቲክ ነፋስ ሲነሣ ብረት ይልጣል፣ እንኳን ቅርፊት፤
ባልዲውን አቅፋ ወረደች ሰባ ሁለት ደረጃ፣ ምድር ቤት፣
ከድንቹ ጆንያ አጠገብ፣ ከኮምጣጣው ጎመን በርሜል፣
እንደ ታመመ ዘመድ አስተኛችው፤ በጨለማ ይከርማል።
በወር አንዴ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዚያ በላይ አይደፈር፤
በመጋቢት ደግሞ ሽቅብ፣ ጉልበቷ ቋ ሲል እሰማ ነበር።

«ቁረጪው፣ ማገዶ ይሁን» አልኋት በሁለተኛው ዓመት።
«ዘንድሮንም ይቆይ» አለች፤ ፍግ ጨመረችበት።
በሦስተኛው ቅጠል ሰጠ፣ አዳም ሁለቴ የሚለብሰው፣
ፍሬው ግን አተር አክሎ፣ ብርዱ ቀድሞ አረገፈው።
ያን ቀን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።
አላለኝም።

በአራተኛው፣ ነሐሴ ላይ፣ ከቅጠል ሥር አንዲት ፍሬ፤
«ና እይ» ብትለኝ፣ ዓይኔ ደካማ ነው አልኩ፣ አፍሬ።
በሳምንቱ ደረጃው ላይ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ፣
አምቡላንስ ወሰዳት፤ በሯ ተቆልፎ ቀረ።
አደራ አላለችኝም። ለምን ትበለኝ? ማን ነኝና?
በገዛ አፌ የተያዝኩኝ፣ ብትር ብዬ ጠርቼው ነበርና።

በሁለተኛው ቀን ቅጠሉ እንደ ተገረፈ ውሻ ጆሮ ወደቀ።
በሦስተኛው፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ጣሳ የነጠቀ፤
ከመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አስሬ፣ በግርዶሹ ላይ አሻግሬ፣
ግማሹን ለባልዲው፣ ግማሹን ለታች ጎረቤት አንሶላ ገብሬ፤
ጌኖቬፋ ከሥር ትራገማለች፤ እኔ ትንፋሼን ውጬ፣
እንደ ሌባ አጎንብሼ፣ ከግርዶሹ ጥግ ተቀምጬ።
ሰው ሲሳካለት «በለስ ቀናኝ» ይላል።
ለበለስ ራሱ «ይቅናው» የሚል ማን አለ? እኔ አልኩ፣
ቀስ ብዬ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ ጣሳውን እያዘነበልኩ።

በክራንች ተመለሰች፣ ሦስት ሳምንት ሞልቶ ተርፎ።
ፍሬዋ አንገቷ ጎብጧል፣ ቆዳዋ ተሰንጥቆ፣ ማር አንጠፍጥፎ።
ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች። እርጥብ ነው።
«ማን አጠጣው?»
«ዝናብ ይሆናላ» አልኩ።
ሽቅብ አየች፤ የአምስተኛው ፎቅ በረንዳ ጣሪያዋ ነው፣
በዚያ በኩል እንኳን ዝናብ፣ ጤዛም አያልፈው።
ምንም አላለች።

በቢላ ሁለት ከፈለቻት፤ በግርዶሹ ጫፍ ሳህን መጣ፤
ከነልጣጯ ዋጥኋት፣ ጠብታም ከአፌ ሳይወጣ።
«ስኳር ያንሳታል» አልኩ፣ አውራ ጣቴን እየላስኩ፣
መጥረጊያው ከጀርባዬ፣ ጣሳውን ሳልፈታለት፣ ግድግዳ ላይ እንዳስደገፍኩ።